በዱሉዝ ጓሮ ያገኙት አዳኝ ትኋን የትኛው ነው?

ሙቀቱ በርትቶ በጆርጂያ ግዛት በዱሉዝ ከተማ ጓሮዎች ቲማቲሙና ቃሪያው ሲያፈራ፣ እግረ ረጅምና ጭንቅላተ ቀጭን የሆነ ነፍሳት ቅጠል ላይ ወይም በረንዳ መብራት ሥር ይታያል። ብዙ ሰው ወዲያው ይጨፈልቀዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው ግን ትሎችን እየበላ አትክልታችንን የሚጠብቀው ነው። አዳኝ ትኋኖች ሬዱቪዴ ከሚባለው ቤተሰብ ናቸው፤ 7,000 ያህል ዝርያ አላቸው፣ የሚበዙትም በሞቃት አገሮች ነው። ደም የሚመጥጡት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው።

በመጀመሪያ በእጅዎ አይንኩት። ብልቃጥ ይድፉበት፣ ጠንከር ያለ ወረቀት ከሥሩ ያንሸራቱና ይክደኑት። ከዚያ በስልክዎ ከላይ፣ ከጎንና ከሥር ፎቶ ያንሱት።

ቀጥሎ አፉን ይዩ፤ ከሁሉ የሚታመነው ምልክት ይህ ነው። ብልቃጡን ከፍ አድርገው ከሥር ሲመለከቱ፣ ከጭንቅላቱ በታች እንደ ወስፌ የሾለ አፍ ታጥፎ ያገኛሉ። ወፍራምና ቆልመም ያለ ከሆነ ሌሎች ነፍሳትን የሚያድን ነው። አጭር፣ ቀጭንና ቀጥ ብሎ ከጭንቅላቱ ጋር የተለጠፈ ከሆነ ደም መጣጭ ሊሆን ይችላል። ረጅም ሆኖ በእግሮቹ መካከል ወደ ኋላ ከተጋደመ ግን የዕፅዋት ጭማቂ የሚመጥጥ ሌላ ቤተሰብ ነው።

ጀርባውንም ያስተውሉ። ግራጫ፣ 3 ሴንቲሜትር ገደማ የሚሆንና ጀርባው ላይ ጥርስ ያለው ግማሽ መንኮራኩር የተተከለበት ዊል ባግ ነው፤ ከተያዘ ክፉኛ ይወጋል እንጂ በሽታ አያስተላልፍም። ግልገሎቹ ይህ ምልክት ገና አልወጣላቸውም፤ ሆዳቸው ቀይ ስለሆነ ሰው የሚሳሳተው በእነሱ ነው። ብርቱካናማና ጥቁር የሆነው ቀጭኑ ዜለስ በፊት እግሮቹ ላይ ባለው ሙጫ ያድናል። የኋላ እግሩ እንደ ቅጠል የተዘረጋው ደግሞ አዳኝ ሳይሆን የቲማቲም ጠላት ነው።

በጆርጂያ የሚገኘው ደም መጣጭ ትሪያቶማ ሳንጉዊሱጋ 2 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። መልኩ ጥቁር ሆኖ፣ ከክንፉ ውጪ በሚታየው የሆዱ ጠርዝ ዙሪያ ብርቱካናማ መስመሮች አሉት፤ እግሮቹ ቀጫጭን ናቸው። የሚንቀሳቀሰው ሌሊት ነው። የውሻ ማደሪያና የማገዶ ክምር ይወዳል፤ የት እንዳገኙት መጻፍ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

ይህ ነፍሳት በ1909 ብራዚላዊው ሐኪም ካርሎስ ቻጋስ ያገኘውን የቻጋስ በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። የበሽታው ጥገኛ ተሕዋሲ በኢትዮጵያ የቆላ ዝንብ ወደ ከብት ከሚያስተላልፈው ከገንዲ አምጪ ጋር ይዛመዳል። የሚተላለፈው ግን በንክሻው ሳይሆን በኩሱ በኩል ነውና ከጠረጠሩ አይጨፍልቁት። ከነብልቃጡ ፍሪዘር ውስጥ ያስገቡት። ነፍሳቱ የነካውን ወለል ወይም ዕቃ አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጠው ያጽዱ። ናሙናውንና ፎቶውን በጉዊኔት ካውንቲ ለሚገኘው የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ኤክስቴንሽን ቢሮ ያሳዩ። መኝታ ቤት ካገኙት ወይም ከተነከሱ ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ዊል ባግ ሆኖ ከተገኘ ወደ አትክልቱ ይመልሱት። ትልልቆቹ ውርጭ ሲመጣ ይሞታሉ፤ ክረምቱን የሚሻገሩት ቅርንጫፍ ላይ ተጠጋግተው የተጣበቁት ቡናማ እንቁላሎቻቸው ናቸው። ዛፍ ሲገርዙ ካገኟቸው ቅርንጫፉን እባክዎ አይጣሉት።