ጥቅም ይደመራል፤ የሰው ሐቅ ግን አይዋጥም

 

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ «ለብዙው ሕዝብ ከጠቀመ ጥቂቱ ቢጎዳ ምን አለበት?» ሲባል እንሰማለን። እውነት የሰው ጥቅም እንደ ገንዘብ ተደምሮ፣ የአንዱ ጉዳት ተቀንሶ የሚያልቅ ሒሳብ ነው?

ሩቅ አንሂድ። ቡለን በምትገኝበት መተከል ዞን፣ ጉባ ላይ፣ የህዳሴው ግድብ መሠረት መጋቢት 24 ቀን 2003 ተጣለ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ። ሠራተኛው ከደመወዙ፣ ገበሬው ከምርቱ ቦንድ ገዝቶበታል። መስለሓው፣ ማለትም የጋራ ጥቅሙ፣ ግልጽ ነው። ነገር ግን ዛሬ ውሃው በተኛበት ቦታ ዓሣ እያጠመዱ፣ ዳርቻውን እያረሱ የሚኖሩ የጉሙዝ ቤተሰቦች ነበሩ። ተነሥተው ሌላ ቦታ ሰፈሩ። አዲስ አበባ ላይ የበራው አምፖል ለእነሱ የወንዛቸው ምትክ አይሆንም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ ለመስጂድ የፈለጉት ቦታ የሁለት የቲሞች፣ የሰህልና የሱሀይል ነበር። ልጆቹ በነጻ እንስጥ አሉ። እሳቸው ግን ካልገዙት በቀር አልተቀበሉም። ከመስጂድ የበለጠ የጋራ ጥቅም ምን አለ? ሆኖም የሁለት ልጆች ሐቅ በሙስሊሙ ሁሉ ጥቅም አልተዋጠም።

ዑለሞች የብዙኃንን ጉዳት ለመከላከል የጥቂቶችን ጉዳት መቻል እንደሚቻል ይናገራሉ። ይህ ግን የተጎጂው ሐቅ ቀረ ማለት አይደለም። የሙፍሊሱን ሐዲስ አስታውሱ፦ ሰውየው ሶላት፣ ጾምና ዘካ ይዞ ይመጣል፤ የበደላቸው ሁሉ ግን እየቀረቡ ከመልካም ሥራው ይወስዳሉ። የሥራው መብዛት የአንዱንም ተበዳይ ሐቅ አላስቀረለትም።

ስለዚህ በሰፈራችሁ መንገድ ሲወጣ ወይም መስጂድ ሲሰፋ «ስንት ሰው ይጠቀማል?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። «ከማን ላይ ተወሰደ? ተጠየቀ ወይ? ምትኩስ ደረሰው?» ብላችሁ ጠይቁ። መብራት የደረሰን ሰዎችም የተነሡት ቤተሰቦች ዕዳ እንዳለብን እናስብ።

ዛሬ ሱረቱል ካህፍን ስትቀሩ፣ ለሁለት የቲሞች ሲባል የተጠገነውን ግድግዳ ታገኛላችሁ። እዚያ ጋ ትንሽ ቆም በሉ።

በነቢዩ ላይ ሶለዋት አብዙ። አላህ የሰው ሐቅ ተሸክመን እሱን ከመገናኘት ይጠብቀን። አሚን።