አንድ ድምፅ ስንት ያወጣል?

በቀደም ከካዛንቺስ ወደ ቡልጋሪያ በታክሲ ስንሄድ አንድ የክፍል ጓደኛዬ «ፓርላማ ውስጥ አንድ ሰው ምን ያመጣል?» ብሎ ሞገተኝ። ያኔ መልስ አጣሁ። አሁን ግን ውድ አንባብያን፣ ዶ/ር አብርሃም ንጉሤን እጠቅሳለሁ።

ዶ/ር አብርሃም ኢትዮጵያ ተወልደው እ.ኤ.አ. በ1985 እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤላዊ ናቸው። በ2015 በወግ አጥባቂው ሊኩድ ፓርቲ በኩል የክኔሴት (የእስራኤል ፓርላማ) አባል ሆኑ። የጠቅላይ ሚኒስትር ኔታንያሁ ጥምር መንግሥት ያኔ ከ120 መቀመጫ የያዘው 61 ብቻ ነበር። ጉዳዩ ያለው እዚህች ቁጥር ላይ ነው።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር መንግሥት በጎንደርና በአዲስ አበባ የሚጠባበቁ ወደ 9,000 የሚጠጉ ሰዎችን ለመውሰድ ወሰነ። በ2016 መጀመሪያ ግን «በጀት የለም» ተባለና ነገሩ ተንጠለጠለ። ዶ/ር አብርሃምና የፓርቲ ባልደረባቸው ዳቪድ አምሳለም ከመንግሥት ጎን ድምፅ አንሰጥም አሉ። ከ61 ላይ 2 ሲቀነስ 59፤ ተቃዋሚውም 59! በእኩል ድምፅ ደግሞ ሕግ አያልፍም። ኤፕሪል ላይ ስምምነት ተደረሰ፤ በመጀመሪያው ዓመት 1,300 ሰው እንዲገባ።

ከ9,000 ውስጥ 1,300 ማለት ከሰባት አንድ ገደማ ነው። በርካሽ ተስማሙ የሚል አይጠፋም። እናቱ ጎንደር የቀረችበት ሰው ግን ቁጥሩን እንደኛ የሚያየው አይመስለኝም። እኛ ዜና ስንጽፍ ንግግር እንገለብጣለን እንጂ ወንበር አንቆጥርም።

ዶ/ር አብርሃም በ2019 ምርጫ ወንበራቸውን አጡ፤ በ2024 ደግሞ የእስራኤል አምባሳደር ሆነው አዲስ አበባ መጡ።