የትምህርት ድጎማና የአገልግሎት ውል፦ የሕፃናት ደኅንነት ሠራተኞች በአሜሪካ እንዴት ይሠለጥናሉ?

ባለፈው ሳምንት በክፍላችን የተነሳው ክርክር ደወሉ ከተደወለ በኋላ እንኳ አልበረደም ነበር። ጥያቄው ሲታይ ቀላል ነው። በመንግሥት ገንዘብ የተማረ ሰው ትምህርቱን ሲጨርስ ለተወሰነ ዓመት እንዲያገለግል ቢገደድ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም? ከመካከላችን አንዱ «ውል የፈረመ ሰው ራሱን አስይዟል» አለ። ሌላዋ ደግሞ «በሕዝብ ገንዘብ ተምሮ መጥፋትስ ምን ይባላል ታዲያ?» ብላ መለሰችለት። መምህራችን ከሁለቱም ወገን ሳይሆኑ «ጩኸቱን ተዉና ሌላው አገር እንዴት እንዳደረገው አንብባችሁ ኑ» አሉን። እኛም ሦስት ሆነን ተከፋፍለን ያነበብነውን እነሆ በዚህ ገጽ ላይ አቅርበናል። የመረጥነው የመምህራንን ጉዳይ ሳይሆን የጎረቤታቸውን፣ ማለትም የሕፃናት ደኅንነት ሠራተኞችን ጉዳይ ነው።

ጎረቤት ያልናቸው በምክንያት ነው። በአሜሪካ በሁሉም ስቴቶች ሕግ መሠረት በሕፃን ላይ በደል መድረሱን የጠረጠረ መምህር ለሚመለከተው ክፍል የማስታወቅ ግዴታ አለበት። አንዲት የሁለተኛ ክፍል መምህርት የተማሪዋን ክንድ አይታ ስልክ አነሳች እንበል። የእሷ ድርሻ ከሞላ ጎደል እዚያ ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ደጃፍ የሚቆመው የሕፃናት ደኅንነት ሠራተኛው ነው። ወላጆቹን ያነጋግራል፤ ልጁን ለብቻው ይጠይቃል፤ ቤት ውስጥ የሚበላ መኖር አለመኖሩን ያያል፤ ልጁን ሊያስጠጋ የሚችል አያት ወይም አክስት ያፈላልጋል፤ ያየውንም ለፍርድ ቤት ይጽፋል። የሚወስነው እርግጥ ዳኛው ነው። ዳኛው ግን ያንን ቤት በዓይኑ አላየውም፤ በአብዛኛው የሚመረኮዘው ይህ ሰው በጻፈው ላይ ነው። ልጁን ከእናቱ ነጥሎ ለአደራ ቤተሰብ መስጠትም ሆነ እዚያው ትቶት መሄድ፣ ስሕተት ከሆነ ጉዳቱ በቀላሉ አይሽርም።

እንግዲህ ይህን የመሰለ ሥራ የሚሠራው ማን ነው? በማኅበራዊ ሥራ ሙያ የሠለጠነ ሰው ነው ብለን ገምተን ነበር። ነገሩ እንዲያ ሆኖ አላገኘነውም። የአሜሪካ ኮንግረስ አጠቃላይ ሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ሪፖርት፣ ለዚህ ሥራ የማኅበራዊ ሥራ ዲግሪ እንደ ቅጥር መስፈርት የሚጠይቁት የሕፃናት ደኅንነት መሥሪያ ቤቶች ከመቶ 15 እንኳ አይሞሉም ነበር። በዚያው ሪፖርት ላይ በዓመት ውስጥ ከሠራተኞቹ ከመቶ 30 እስከ 40 የሚሆኑት ሥራውን እንደሚለቁና አንድ ሠራተኛ በአማካይ ሁለት ዓመት እንኳ እንደማይቆይ ተጽፏል።

ሠራተኛ በተለወጠ ቁጥር ልጁ ታሪኩን እንደገና «ሀ» ብሎ ለማያውቀው ሰው ይናገራል። በዊስኮንሲን ስቴት በምትገኘው በሚልዋኪ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ አንድ ጥናት፣ ዘላቂ ቤት ማግኘትን (ማለት ወደ ወላጅ መመለስን ወይም በጉዲፈቻ መግባትንና የመሳሰለውን) ከሠራተኛ መለዋወጥ ጋር አስተያይቶ ነበር። አንድ ሠራተኛ ብቻ ለያዛቸው ሕፃናት 74.5 ከመቶ፣ ሁለት ለተፈራረቁባቸው 17.5 ከመቶ፣ ስድስት ወይም ሰባት ለተፈራረቁባቸው 0.1 ከመቶ የሚል ቁጥር አስፍሯል። ከዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ጉዳዩ ከባድ ሆኖ ከቤቱ ርቆ ብዙ ዓመት የቆየ ልጅ፣ በቆየው ልክ ብዙ ሠራተኛ ማየቱ አይቀርም። ስለዚህ የዘገየው ሠራተኛ ስለተለዋወጠበት ነው ወይስ ሠራተኛ የተለዋወጠበት ስለዘገየ ነው? ከመካከላችን ሒሳብ የሚወደው ልጅ ይህን ጥያቄ ሲያነሳ ሁላችንም ዝም አልን። ቁጥሩ ብቻውን መልስ አይሰጥም። ቢሆንም መለዋወጡ ለልጁ ይጠቅማል የሚል አላገኘንም።

ድጎማው የመጣው በዚህ ችግር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በወጣው የጉዲፈቻ ድጋፍና የሕፃናት ደኅንነት ሕግ፣ በማኅበራዊ ዋስትና ሕጋቸው ውስጥ «ታይትል ፎር ኢ» የሚባል ክፍል ተጨመረ። በዚህም መሠረት አንድ ስቴት ለሠራተኞቹ ማሠልጠኛ ካወጣው ወጪ ከመቶ 75 የሚሆነውን የፌዴራሉ መንግሥት ይተካል። ቁልፉ ያለው ሕጉ በተጠቀመበት ቃል ላይ ነው፤ ይኸውም ተቀጥረው የሚሠሩትን ብቻ ሳይሆን ለመቀጠር የሚዘጋጁትንም ይላል። «የሚዘጋጁ» ማለት ተማሪዎች ናቸው። በዚህች አንዲት ቃል በር ዩኒቨርሲቲዎች ከስቴቶቻቸው ጋር ተዋውለው ገቡ። በስፋት ሥራ ላይ የዋለው ግን በ1990ዎቹ ነው።

ለምሳሌ ያህል ካሊፎርኒያን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1990 በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ የካሊፎርኒያ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ማዕከል ተቋቋመ። በማኅበራዊ ሥራ ሁለተኛ ዲግሪውን በሙሉ ጊዜ የሚማር ተማሪ ለብዙ ዓመታት ሲያገኝ የነበረው ድጎማ በዓመት 18,500 ዶላር ነበር፤ በሁለት ዓመት 37,000 ዶላር ይመጣል። ተማሪው በምላሹ በሕፃናት ደኅንነት መሥሪያ ቤት የተግባር ልምምድ ያደርጋል፤ ከተመረቀም በኋላ ድጎማ ባገኘበት ጊዜ ልክ በካውንቲ የሕፃናት ደኅንነት ሥራ ላይ ያገለግላል። ሁለት ዓመት የወሰደ ሁለት ዓመት ይሠራል ማለት ነው። ይህን ያልፈጸመ ገንዘቡን ይመልሳል። የመንጃ ፈቃድና መኪና ያስፈልጋል የሚለውን ስናነብ መጀመሪያ ስቀን ነበር፤ ለካስ ሥራው ከቤት ቤት መዞር ስለሆነ ነው። በኬንታኪ ደግሞ ገና በመጀመሪያ ዲግሪ ላይ ያሉ ተማሪዎች የትምህርት ክፍያቸው ተሸፍኖ ድጎማ ያገኛሉ፤ በኋላ ሁለት ዓመት ያገለግላሉ።

«ይህ ሁሉ ገንዘብ ለምን?» ያለን ጓደኛ ነበር። መልሱ ከልምምዱ ሰዓት ላይ ይገኛል። በአሜሪካ በማኅበራዊ ሥራ ሁለተኛ ዲግሪ ለማግኘት ቢያንስ 900 ሰዓት፣ ለመጀመሪያ ዲግሪ ደግሞ ቢያንስ 400 ሰዓት የመስክ ልምምድ ግዴታ ነው። አብዛኛው ልምምድ ደመወዝ የለውም። በቀን ስምንት ሰዓት ብንቆጥረው 900 ሰዓት ከ112 የሥራ ቀን በላይ ይሆናል። ያን ሁሉ ቀን ያለ ክፍያ ሠርቶ የቤት ኪራይ የሚከፍል ማን ነው? አባቱ ያለው ተማሪ ነዋ! ድጎማው ባይኖር ኖሮ የድኻ ልጅ ከዚህ ሙያ ደጃፍ ይመለስ ነበር። እኛ ይህን ነጥብ ከሁሉ አብልጠን እንይዘዋለን። ችግርን የሚያውቅ ሰው የተቸገረ ቤት ሲገባ ድህነትንና በደልን ለይቶ ለማየት የሚሻል ይመስለናል። ባዶ ማሰሮ ሁልጊዜ የክፉ እናት ምልክት አይደለም።

ስለ ገንዘቡ አንድ ነገር መታለፍ የለበትም። ከመቶ 75 ሲባል ሙሉ በሙሉ እንደዚያ አይደለም። ወጪው በአብዛኛው የሚሰላው በአደራ ቤተሰብ ዘንድ ካሉት ሕፃናት መካከል የፌዴራሉን መስፈርት የሚያሟሉት ስንት ናቸው ተብሎ ነው። ከመቶ ሕፃናት መስፈርቱን የሚያሟሉት 50 ቢሆኑ፣ 75ቱ በግማሽ ተቆርጦ 37.5 ይሆናል። መስፈርቱ ደግሞ የልጁ ቤተሰብ በድህነት መለኪያ ድኻ መሆኑን ይጠይቃል፤ መለኪያውም እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1996 በነበረው ላይ እንደቆመ ቀርቷል። የመለኪያው ምንጭ የነበረው የድኾች እርዳታ ፕሮግራም ራሱ በዚያው ዓመት በሌላ ተተክቷል። የዕቃ ዋጋ እያደገ፣ መለኪያው ግን ሳያድግ ሲቀር፣ በዓመት በዓመቱ «ድኻ» የሚባለው ልጅ ቁጥር በወረቀት ላይ ይቀንሳል። ልጁ አልበለጸገም፤ ሜትሩ ነው ያጠረው። ከዚህም የተነሳ የፌዴራሉ ድርሻ ሲቀንስ ስቴቱና ዩኒቨርሲቲው ልዩነቱን መሸፈን አለባቸው።

ወደ ክርክራችን እንመለስ። ውሉ ሰውን ያቆያል? በውሉ ዘመን ያቆያል። ከዚያ በኋላስ? እዚህ ላይ ያነበብናቸው ጽሑፎች የሚያነሱት ገንዘብን ብቻ አይደለም። ሰው ለሥራው ያለው ፍቅርና ትምህርቱ አንድ ነገር ናቸው። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጡት ጥሩ የቅርብ ኃላፊ፣ የሚቻል የሥራ ብዛት፣ የባልደረባ ድጋፍና ደመወዝ ናቸው። የ2003ቱ ሪፖርት እንዳሰፈረው የአሜሪካ የሕፃናት ደኅንነት ሊግ ለአንድ ሠራተኛ የሚመክረው ከ12 እስከ 15 ሕፃናት ሲሆን፣ በአማካይ የሚሰጠው ግን ከ24 እስከ 31 ነበር። የ24 ዓመት ወጣት አስቡ። ከዩኒቨርሲቲ በወጣ በወሩ የሠላሳ ልጆች መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። የተማረው ለአሥራ አምስት ነው። ሁለት ዓመቱን ቆጥሮ፣ ውሉን ፈጽሞ ቢሄድ ከዳተኛ እንበለው?

ውል ለእኛም አገር እንግዳ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በጠቅላይ ግዛት እንዲያገለግል ያስገድድ ነበር፤ አብዛኞቹም በመምህርነት ሠርተዋል። እኛም የኪስ ገንዘብ እየተቀበልን ነው የምንማረው፤ ወደዚህ ስንገባም ወረቀት ፈርመናል። እውነቱን ለመናገር ከሦስታችን ሁለታችን ሳናነበው ነው የፈረምነው።

አሁን የያዝነው አቋም ይህ ነው። ግዴታው ፍትሐዊ ነው፤ ያስተማረ ሕዝብ አገልግሎት ቢጠብቅ አያስወቅሰውም። በዚህ «ውል የፈረመ ራሱን አስይዟል» ካለው ወንድማችን ጋር አንስማማም። ነገር ግን ድጎማው የተማሪውን ዕዳ በወርና በዓመት ሲቆጥር፣ መሥሪያ ቤቱ ለአዲሱ ሠራተኛ ስንት መዝገብ እንደሚያሸክመውና ማን እንደሚያግዘው አይወስንም። ውሉ ሁለት ገጽ ሊኖረው ሲገባ በአንድ ገጽ የቀረ ይመስለናል። በሁለተኛው ገጽ ላይ ምን ይጻፍ በሚለው ግን ሦስታችንም አልተስማማንም። አንዱ «የሕፃናቱ ቁጥር ጣሪያ ይኑረው» ይላል፤ ሌላው «ጣሪያ ተብሎ የተረፈውን ልጅ ማን ሊይዘው ነው?» ይላል፤ ሦስተኛዋ ለመጀመሪያው ዓመት ነባር ሠራተኛ አብሮ እንዲመደብ ትፈልጋለች።

ክርክሩ ሐሙስ ከቀትር በኋላ በቁጥር 4 ክፍል ይቀጥላል። መምህራንም ቢገኙልን ደስ ይለናል። ሠልጣኞች ስትመጡ የፈረማችሁትን ውል ቅጂ ይዛችሁ፣ አንብባችሁም ኑ።