ከጉና እስከ ጣና፦ ለደብረ ታቦር አዲስ ገቢዎች

ዩኒቨርሲቲ ተመድባችሁም ሆነ በሥራ ተዛውራችሁ ደብረ ታቦር ስትገቡ፣ አገሩን ለማወቅ ውሃውን ተከተሉ። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ተነሥተው፣ ፎገራን አጠጥተው ጣና ይገባሉ። የደቡብ ጎንደር ኑሮ በዚህ መንገድ ላይ ነው።

ደረጃ 1። መጀመሪያ ሰውነታችሁን አለማምዱ። ከተማው 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ከቆላ የመጣ ሰው ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። የመጀመሪያዎቹን ቅዳሜዎች ቅርብ ቅርቡን ሂዱ። ለአፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል መድፍ የተሠራበት ጋፋት ለዚህ ይበቃል። ቀጥሎ በወረታ መንገድ ወዳለው ዓለም ሳጋ ደን ውረዱ።

ደረጃ 2። ወሩን ምረጡ። በክረምት ጉና በጉም ይሸፈናል፣ ፎገራም ውሃ ይተኛበታል። ጥቅምትና ኅዳር ይሻላሉ፤ ሰማዩ ጠርቷል፣ ምንጩም ገና አልደከመም። ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም በዚያው ሳምንት ከተመላለሰ ሰው ጠይቁ። “አትሂዱ” ካሏችሁ ተራራው የትም አይሄድም።

ደረጃ 3። ጉና። ለዚህ ሙሉ ቀን ስጡ። በጋይንት መንገድ ክምር ድንጋይ ድረስ በመኪና ሂዱና መንገዱን የሚያውቅ የአካባቢ ሰው ይዛችሁ በጠዋት ውጡ። ዋጋውን አስቀድማችሁ ተስማሙ። ጋቢ ወይም ወፍራም ጃኬት፣ ውሃ፣ ቆሎ ወይም በሶ ያዙ። ጫፉ ከ4,100 ሜትር በላይ ስለሆነ በበጋ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ጠዋት መሬቱ ያንሸራትታል። ራስ ምታቱ ከበረታ ወይም ካቅለሸለሻችሁ ሳትከራከሩ ውረዱ።

በመንደር ስታልፉ ከሩቅ “ቤቶች! ውሻ ያዙልን!” በሉ። ሽማግሌ ካገኛችሁ ቆማችሁ “እንዴት አደሩ?” ብላችሁ ሰላምታ ስጡ፤ ወዴት እንደምትሄዱም ንገሯቸው። የገብስ ማሳ አታቋርጡ፣ ዳርዳሩን ዙሩ። ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሡ።

ከእርሻው በላይ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ይጀምራል፣ ከዚያ የጓሳ ሣርና ጅብራ የሚባለው ተክል። እዚህ ቁጭ በሉና ከጓሳው ሥር ያለውን አፈር በእጃችሁ ዳስሱ፦ በበጋም እርጥብ ነው። የክረምቱን ዝናብ ይዞ ቀስ እያለ ለምንጮቹ የሚሰጠው ይኸው ነው። ጓሳው ሲታጨድና ሲጋጥ፣ አስታው ለማገዶ ሲቆረጥ፣ ዝናቡ አፈሩን ይዞ በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ ታች ያለው ገበሬ በክረምት ጎርፍ፣ በበጋ ድርቀት ያገኘዋል። ስለዚህ እሳት አታንድዱ፣ ጅብራ አትቁረጡ።

ደረጃ 4። ፎገራ። ወረታ ላይ ውረዱ። ወደ አዲስ ዘመን ጥቂት ስትሄዱ የርብን ድልድይ፣ ወደ ሐሙሲት ስትመለሱ የጉማራን ታገኛላችሁ። ውሃው ምን ያህል እንደደፈረሰ እዩ፤ ያ የላይኛው አገር አፈር ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ከአውሮፓ ብርድ የሸሹ ባለ ረጅም እግር ወፎች በታጨደው ሩዝ ማሳ ላይ ይለቅማሉ። ጠዋት ሂዱ፣ ራቅ ብላችሁ ቁሙ።

ደረጃ 5። ጣና። በደራ በኩል ወደ ቆራጣ ዳርቻ ውረዱ። የደንገል ታንኳ ያያችሁ እንደሆነ፣ ለመሳፈር ከባለቤቱ ጋር ተነጋገሩና በጠዋት፣ ሐይቁ ረጋ ብሎ ሳለ ውጡ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ማዕበል ያስነሣል። ዳርቻው ላይ አትዋኙ፣ በባዶ እግር ውሃ ውስጥም አትቁሙ፤ ቢልሃርዝያ አለ። ከገባችሁ በኋላ ሰገራ ላይ ደም ካያችሁ ወይም ሆዳችሁን ሰንበትበት ብሎ ካመማችሁ፣ ለሐኪሙ ጣና መግባታችሁን ንገሩት። የመልሱን መኪና ሳይመሽ ያዙ።