ሁለት አሮጌ ኮምፒዩተሮች አልደማመጥ ሲሉ

ኮምፒዩተር ጽሑፍና ሒሳብ የሚይዝ መሣሪያ ነው። ሁለት ኮምፒዩተሮች በገመድ ተያይዘው መዝገብ ሲቀባበሉ መረብ፣ ማለት ኔትወርክ፣ ተሠራ ይባላል። በአንድ ቤት ውስጥም ሊሠራ ይችላል። ታዲያ መረቡ እንቢ ያለ እንደሆነ ችግሩ እንዴት ይፈለጋል?

እኛ ለአገልግሎት ወደ ገጠር የመጣን ሦስት የዩኒቨርስቲ ተማሪዎች ነን። በምናስተምርበት ቀበሌ፣ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ ጸሐፊ ቤት፣ ሁለት አሮጌ ኮምፒዩተሮች ነበሩ። የአባላቱ የዘር ብድር መዝገብ ያለው በአንደኛው ብቻ ነው። ደረሰኙን ያስቀመጠ አባል ደግሞ ጥቂት ነው። ይህ ኮምፒዩተር አንድ ቀን ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። መዝገብ የሚቀመጥበት ክፍል ዲስክ ይባላል፤ ዲስክ እንዲህ ሲል ሊሞት ተቃርቦ ይሆናል። ከሞተ ብድሩን የመለሰው ሰው እንዳልመለሰ ሊቆጠር ነው። ፍላሽ የሚሰካበት ቀዳዳም ተሰብሯል። ስለዚህ መዝገቡን በገመድ ወደ ሁለተኛው ለማሻገር ተነሣን።

ገመዱን ሰካን። ምንም የለም። እኛም ተማርን ባዮች ነንና ሳጥኑን ፈትተን ሆድ ዕቃውን መበርበር ያዝን። ግማሽ ቀን ባከነ። የጎተራው ጠባቂ አዛውንት ቆመው ሲያዩን ቆዩና፣ «ልጆቼ፣ ይቺ ገመዱ አጠገብ ያለች ትንሽ ነገር ምንድነች?» አሉን።

«መብራት ናት አባባ።»

«ታዲያ ለምን አትበራም?»

አፍረን ሳጥኑን መልሰን ገጠምን። ሁለቱም ኮምፒዩተሮች ሥራ ላይ ሆነው ይቺ መብራት ካልበራች መጀመሪያ የሚታየው ገመዱና መሰኪያው ነው። ከዚያ በፊት ሌላ ነገር መነካካት ከንቱ ድካም ነው።

በገመዱ ውስጥ 8 ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። በአሮጌ ኮምፒዩተር 1ኛውና 2ኛው አፍ ናቸው፤ ይናገራሉ። 3ኛውና 6ኛው ጆሮ ናቸው፤ ይሰማሉ። የተለመደው ገመድ 1ኛውን ከ1ኛው፣ 2ኛውን ከ2ኛው ያገናኛል። እንግዲህ ሁለት አሮጌ ኮምፒዩተሮች በዚህ ገመድ በቀጥታ ቢያያዙ አፍ ከአፍ፣ ጆሮ ከጆሮ ይገጥማል። ማን ማንን ይሰማል? ለእነሱ የሚሆነው ተሻጋሪ ገመድ ነው። በተሻጋሪው ገመድ 1ኛው ሽቦ ወደ 3ኛ፣ 2ኛው ወደ 6ኛ ይሄዳል፤ የአንዱ አፍ ከሌላው ጆሮ ይገናኛል። ገመዱ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሁለቱን ጫፎች በአንድ ፊት ጎን ለጎን ያዟቸው። የሽቦዎቹ ቀለም አሰላለፍ አንድ ዓይነት ከሆነ የተለመደው ነው። ብርቱካንማውና አረንጓዴው ቦታ ከተለዋወጡ ተሻጋሪ ነው። አዳዲስ ኮምፒዩተሮች ይህን ራሳቸው ያስተካክላሉ፤ ከአሮጌዎቹ ግን ብዙዎቹ አይችሉም። የኛ ገመድ የተለመደው ኖሯል! ከከተማ ተሻጋሪውን አስመጣን። መብራቷ በራች።

ቀጥሎ ቁጥር ነው። አንዱን ኮምፒዩተር 192.168.1.1፣ ሌላውን 192.168.1.2 አልነው። በሁለቱም ላይ 255.255.255.0 የሚል ሌላ ቁጥር ሞላን። ይህ ቁጥር የፊተኞቹ ሦስቱ የመንደር፣ የመጨረሻው የቤት ምልክት መሆኑን ይናገራል። መንደሩ አንድ መሆን አለበት፤ ቤቱ ግን መለያየት አለበት። ሁለት ቤት አንድ ቁጥር ከያዘ መልእክተኛው ግራ ይጋባል።

ከጋራ ወደ ጋራ የሚጣራ ሰው መጀመሪያ ስም ይጠራል፤ «አቤት!» ሲሉት ነው ጉዳዩን የሚናገረው። ኮምፒዩተርም እንዲሁ ይጣራል፤ ጥሪው ፒንግ ይባላል። የትዕዛዝ መስኮት ከፍተን ፒ፣ አይ፣ ኤን፣ ጂ የሚሉትን ፊደላት ጻፍንና የጓደኛውን ቁጥር አስከተልን። አሮጌው ሲጣራ ሁለተኛው «አቤት» አለ። ሁለተኛው ሲጣራ ግን አሮጌው ዝም! መንገዱ ደህና ነው ማለት ነው፤ በር ላይ የሚከለክል አለ። ዊንዶውስ ኤክስፒ የሚባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2004 ከታደሰ ወዲህ ፋየርዎል የተባለ ዘበኛ አለው። ዘበኛው ሳይነግሩት በሩን ይዘጋል። እኛም ዘበኛውን አላባረርነውም፤ ፋይል ለማጋራት የሚሆነውን በር ብቻ እንዲከፍት አዘዝነው። ኤክስፒን የሠራው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ጥገናውን ስላቆመ ኮምፒዩተሮቹን ከኢንተርኔት ጋር አላገናኘናቸውም።

መዝገቡ ሲሻገር መሽቶ ነበር። የአንድ ዓመት ሒሳብ ግን አልከፈት አለ፤ ተበላሽቷል። እሱን አባላቱ ከየቤታቸው ካመጧቸው ደረሰኞች እየለቀምን እንደገና ጻፍነው፤ አራት ምሽት ፈጀብን።

መልመጃ፦ ጸሐፊው ከእነዚህ ሁለት ኮምፒዩተሮች ጋር ሦስተኛ ሊያገናኝ አሰበና 192.168.2.3 የሚል ቁጥር ሰጠው። መብራቷ በርታለች፤ ፒንግ ሲል ግን «አቤት» የሚለው የለም። የትኛውን ቁጥር ይለውጥ?