ጩኸት የሌለው ስሕተት
ስለ ልኬት፣ ስለ ዳኝነትና ስለ ደጋፊ ቁጣ

መግቢያ

መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. ዕለቱ ሰኞ ነበር። በመርካቶ እህል በረንዳ ተሸካሚው ጆንያውን አውርዶ፣ ነጋዴው ደብተሩን ከድኖ፣ ሁሉም በአንዲት ሻይ ቤት ቴሌቪዥን ፊት ተሰብስቧል። በሲድኒ ኦሊምፒክ የወንዶች 10,000 ሜትር ፍጻሜ ኃይሌ ገብረ ሥላሴና ኬንያዊው ፖል ተርጋት የመጨረሻዎቹን ሜትሮች ጎን ለጎን ሲከንፉ በቤቱ ውስጥ ትንፋሽ አይሰማም ነበር። ኃይሌ በ27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ፣ ተርጋት በ27 ደቂቃ ከ18.29 ሰከንድ ገቡ።

እልልታው ሳይበርድ ክርክር ተነሣ። አንዱ «ሲገቡ እኩል ነበሩ» ይላል፤ ሌላው «የሚታየው እግር ነው» ይላል፤ ሦስተኛው «የለም፣ ደረት ነው» ይላል። በአጎቴ መጋዘን እህል የሚመዝኑት አዛውንት ግን ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ «እናንተ የምትመዝኑት በዓይናችሁ ነው፤ እነሱ ሚዛን አላቸው» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ያን ጊዜ የ18 ዓመት ወጣት ነበርሁ። ንግግራቸው የገባኝ ግን ፊዚክስ ካጠናሁ በኋላ ነው፤ የገባኝም በከፊል ብቻ መሆኑን ለመረዳት ተጨማሪ ዓመታት ወስዶብኛል።

በዚህ ጽሑፍ ሁለት ጥያቄዎችን እንመረምራለን። የአንድ ውድድር ውጤት ደጋፊን የሚያስቆጣው መቼ ነው? ቁጣውስ ስሕተቱ ያለበትን ቦታ በትክክል ያመለክታልን?

ሰዓት የሚፈርድበት ውድድር

በሩጫ ፍጻሜ ላይ የሚቆመው ካሜራ እንደ ተራ ካሜራ ሜዳውን ሁሉ አያነሣም። የሚያየው የመጨረሻውን መሥመር ብቻ ነው። ይህን አንድ ቀጭን ሰንጥቅ በየሰከንዱ ከሺህ ጊዜ በላይ እየቀዳ ሰንጥቆቹን ጎን ለጎን ይደረድራቸዋል። ስለዚህ በምስሉ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ የሚለካው ርቀት ሳይሆን ጊዜ ነው። ደንቡም ግልጽ ነው፦ የሚቆጠረው ራስ፣ እጅ ወይም እግር ሳይሆን የሯጩ ግንደ ሰውነት ወደ እርሱ የቀረበውን የመሥመሩን ጠርዝ የሚደርስበት ቅጽበት ነው። እንግዲህ በሻይ ቤቱ ክርክር «ደረት ነው» ያለው ሰው ለእውነቱ እጅግ የቀረበ ነበር።

ከሲድኒው የጠበበ ልዩነት መስከረም 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በዶሃ የዓለም ሻምፒዮና ታየ። በ3,000 ሜትር መሰናክል ኬንያዊው ኮንሴስለስ ኪፕሩቶ በ8 ደቂቃ ከ1.35 ሰከንድ አንደኛ ሲሆን የእኛው ለሜቻ ግርማ በ8 ደቂቃ ከ1.36 ሰከንድ ሁለተኛ ሆነ። ፍጥነታቸውን በሰከንድ 7 ሜትር ብንወስድ፣

0.01 ሰከንድ × 7 ሜትር በሰከንድ = 0.07 ሜትር

ማለትም ሦስት ኪሎ ሜትር ተሮጦ ውጤቱ የተለየው በ7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሩጫ ሰዓት የሚመዘገበው ወደሚቀጥለው መቶኛ ሰከንድ ከፍ ተደርጎ ስለሆነ፣ በወረቀት ላይ 0.01 የሚለው ልዩነት በእውኑ ከዜሮ በላይና ከ0.02 ሰከንድ በታች የሆነ ማንኛውም ቁጥር ሊሆን ይችላል። ቅደም ተከተሉ ግን ከምስሉ በቀጥታ ስለሚነበብ በዚህ አይናወጥም።

ይሁንና ሰዓት በጣም ስለረቀቀ ብቻ ፍርዱ ፍትሐዊ ይሆናል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1972 በሙኒክ ኦሊምፒክ በ400 ሜትር ቅልቅል ዋና ስዊድናዊው ጉናር ላርሶን አሜሪካዊውን ቲም ማኪን በሺኛ ሰከንድ 2 ብቻ ቀደመው፤ ወርቁንም ወሰደ። በዋናተኞቹ ፍጥነት ይህ ልዩነት 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የመዋኛ ገንዳ መደዳዎችን ደግሞ እስከ ሚሊ ሜትር እኩል አድርጎ መሥራት አይቻልም። በመሆኑም ከዚያ ወዲህ የዋና ስፖርት በመቶኛ ሰከንድ እንዲወሰን፣ እኩል የገቡትም እኩል እንዲሸለሙ ተደረገ። ከዚህ የምንማረው፣ መሣሪያው የሚያነበው ቁጥር ሁሉ ስለሚለካው ነገር የሚናገር አለመሆኑን ነው።

ዓይን የሚፈርድበት ውድድር

አሁን ወደ እህል በረንዳ እንመለስ። አንድ ገበሬ ጤፉን ይዞ ሲመጣ ሁለት ነገሮች ይወሰኑለታል። የመጀመሪያው ክብደቱ ነው፤ ይህን ሚዛን ይናገራል። ሁለተኛው ደረጃው ነው፦ ማኛ ነው፣ ነጭ ነው ወይስ ሰርገኛ? ለዚህ ነጋዴው ከጆንያው እፍኝ ይዘግናል፣ በመዳፉ ዘርግቶ ወደ ብርሃን ያቀርባል፣ እፍ ብሎ ገለባውን ያያል። አንዱ «ማኛ ነው» ያለውን ሌላው «ከነጭ አያልፍም» ይላል። ሁለቱም ሐቀኞች ሊሆኑ ይችላሉ።

በስፖርት ዓለም የዚህ መዳፍ አቻ ፊገር ስኬቲንግ የሚባለው የበረዶ ላይ ሸርተቴ ነው። በታላላቆቹ የወንዶች ውድድሮች ስኬተሩ አራት ዙር ሲዘል በአየር ላይ የሚቆየው 0.7 ሰከንድ ያህል ነው። በነፃ አወዳደቅ ቀመር ከፍታው ግ × ጊ² ÷ 8 ስለሆነ (ግ የመሬት ስበት ፍጥንጥነት፣ ጊ በአየር ላይ የሚቆይበት ጊዜ ነው) ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። እጆቹን ወደ ደረቱ ሲሰበስብ ክብደቱ ወደ መሽከርከሪያው ዘንግ ስለሚጠጋ ሽክርክሪቱ ይፈጥናል። አራት ዙር ለ0.7 ሰከንድ ሲካፈል በሰከንድ 5.7 ዙር ይሆናል። አንድ ሩብ ዙር እንግዲህ በ0.044 ሰከንድ ያልፋል፤ በተራ ቪዲዮ ይህ አንድ ምስል ብቻ ነው። ዝላዩ ሩብ ዙር ጎድሎት እንደሆነ መለየት ግን የዳኝነቱ ዋና ሥራ ነው። ባለሙያዎቹ በዝግታ የሚታይ ምስል የሚጠቀሙትም ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2010 በቫንኩቨር የክረምት ኦሊምፒክ ሲካሄድ በውጭ አገር የዶክትሬት ተማሪ ነበርሁ። በዚያ ኦሊምፒክ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ የያዘው የበረዶ ተንሸራታቹ ሮቤል ተክለማርያም ነበር። እርሱ የተወዳደረበትን የ15 ኪሎ ሜትር ውድድር የፈረደው ሰዓት ስለሆነ በውጤቱ የተከራከረ አላየሁም። በወንዶች ፊገር ስኬቲንግ ግን የተማሪዎች ማደሪያችን ለሁለት ተከፈለ። አሜሪካዊው ኢቫን ላይሳቼክ በ257.67 ነጥብ ወርቅ አገኘ፤ ሩሲያዊው ዬቭጌኒ ፕሉሽንኮ በ256.36 ነጥብ ብር አገኘ። ልዩነቱ 1.31 ነጥብ፣ ማለትም በመቶ ግማሽ ያህል ነው። ፕሉሽንኮ አራት ዙር ዘልሏል፤ ላይሳቼክ አልዘለለም። በወቅቱ የሩሲያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ቭላድሚር ፑቲን ሳይቀሩ ብሩ ወርቅ እንደሚያህል የሚገልጽ መልእክት ላኩ። በየአገሩ የነበሩ ደጋፊዎች «ውበት ዝላይን ዘረፈችው» ወይም «ጥበብ ጉልበትን አሸነፈች» እያሉ ተሟገቱ።

የነጥብ ሠንጠረዡን ስንመለከት ግን የሚገርም ነገር እናገኛለን። በነፃው ትርኢት ለአቀራረብና ለጥበብ የተሰጠው ነጥብ ለሁለቱም እኩል 82.80 ነበር። ላይሳቼክ የበለጠው በቴክኒክ ነጥብ፣ 84.57 ለ82.71 ነው። አራት ዙር ባይዘልም ከተቀናቃኙ የበለጡ ዝላዮችን ያሳረፈው በትርኢቱ ሁለተኛ አጋማሽ ነበር፤ በዚያ አጋማሽ የሚደረግ ዝላይ ደግሞ በወቅቱ ደንብ የመቶ አሥር ጭማሪ ነበረው። ስለዚህ ሁለቱም ወገኖች ሌሊቱን ሙሉ የተሟገቱት ልዩነቱ በሌለበት ቦታ ነበር። እኔም ከእነርሱ አንዱ ነበርሁ።

ዘጠኝ ዳኞች፣ አንድ ቁጥር

ይህ የነጥብ ሥርዓት ራሱ የተወለደው ከደጋፊ ቁጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በሶልት ሌክ ሲቲ ኦሊምፒክ በጥንዶች ውድድር የሩሲያ ጥንዶች በ5 ለ4 የዳኞች ድምፅ አሸነፉ። ከዚያ ፈረንሳዊቷ ዳኛ ጫና ተደርጎብኛል ማለቷ ተሰማ፤ በመጨረሻም ለካናዳውያኑ ሁለተኛ ወርቅ ተሰጠ። የቀድሞው የ6.0 ነጥብ አሠራር ተሽሮ እያንዳንዱ ዝላይና ሽክርክሪት የራሱ መነሻ ዋጋ ያለው አሠራር ተተካ፤ በኦሊምፒክም መጀመሪያ በ2006 በቶሪኖ ሥራ ላይ ዋለ። በዛሬው ደንብ ዘጠኝ ዳኞች ይሰጣሉ፤ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ተጥለው የሰባቱ አማካይ ይወሰዳል።

ለምሳሌ ያህል ዘጠኝ ዳኞች የሚከተሉትን ሰጡ እንበል፦ 8.00፣ 8.25፣ 8.25፣ 8.50፣ 8.50፣ 8.50፣ 8.75፣ 8.75፣ 9.75። የዘጠኙ አማካይ 8.58 ነው። 8.00ና 9.75 ሲጣሉ የሰባቱ አማካይ 8.50 ይሆናል። ያለልክ የለገሰው ዳኛ ከጨዋታ ውጭ ሆነ ማለት ነው።

ለመሆኑ ይህ አሠራር ምን ያህል ርግጠኝነት ይሰጠናል? የሰባት ዳኞች አማካይ በግምት 0.2 ያህል ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሊዋዥቅ ይችላል ብለን እናስብ። በ2010 ደንብ የወንዶች ነፃ ትርኢት አምስት የአቀራረብ መስፈርቶች ነበሩት፤ እያንዳንዳቸውም በ2 ይባዛሉ። የአንዱ መዋዠቅ እንግዲህ 0.4 ነጥብ ነው። አምስቱ አንዱ ከሌላው ሳይያያዝ የሚዋዥቁ ከሆነ ድምሩ 0.4 × √5 ወይም 0.9 ነጥብ ገደማ ነው። አምስቱም በአንድ አቅጣጫ ካዘነበሉ ግን 2.0 ነጥብ ይሆናል። የላይሳቼክና የፕሉሽንኮ 1.31 ያለው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ነው። ስለዚህ ሥርዓቱ አሸናፊውን በደንቡ መሠረት ለይቷል፤ «ይህኛው ከዚያኛው ይበልጣል» ብሎ ለመማል ግን የልኬቱ አቅም አይፈቅድም።

የዚህ ስሌት ዋና ትምህርት በሁለቱ የስሕተት ዓይነቶች መካከል ያለው ልዩነት ነው። አንደኛው ዘፈቀዳዊ ስሕተት ነው፤ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች ይላል፤ ዳኛ ሲበዛ ይቀንሳል። ሁለተኛው ወገንተኛ ስሕተት ነው፤ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ያዘነብላል፤ አንድ ሺህ ጊዜ ብንለካም አይጠፋም። ኤሪክ ዚትዝዊትዝ የተባለው የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው ጥናት በፊገር ስኬቲንግና በበረዶ ዝላይ ዳኞች ለአገራቸው ልጅ የማድላት ዝንባሌ እንዳላቸው አሳይቷል። እንዲህ ያለውን ዝንባሌ አማካይ ብቻውን አያጥበውም።

የአጎቴ ባስኩል

ለዚህ ምስክሩ ራሴ ነኝ። ከሲድኒው ሩጫ ጥቂት ወራት በኋላ ሽማግሌው መዛኝ ስለታመሙ አጎቴ ባስኩሉን ለእኔ ሰጠኝ። ሚዛኑን ወደ በሩ አስጠግቼ መመዘን ጀመርሁ። በአራት ቀን 240 ኩንታል ያህል መዘንሁ። በአምስተኛው ቀን ሽማግሌው ተሽሏቸው መጡና ገና ምንም ሳይጫንበት ሚዛኑን አይተው፣ «ልጄ፣ ባዶውን አይተኸዋል?» አሉኝ። አላየሁትም ነበር። ሚዛኑ ከቦታው ሲነሣ ተዛንፎ በእያንዳንዱ ጭነት ግማሽ ኪሎ ያጎድል ኖሯል። 240 × 0.5 = 120 ኪሎ፤ ከገበሬዎች ላይ አንድ ኩንታል ከ20 ኪሎ ወስጃለሁ።

በእነዚያ አራት ቀናት በረንዳው ጸጥ ያለ አልነበረም። ገበሬና ደላላ በጤፍ ደረጃ ሲጨቃጨቁ ይውሉ ነበር፤ «ማኛ ነው»፣ «አይደለም» እያሉ። በሚዛኑ ላይ ግን አንድም ሰው ድምፁን አላሰማም። ሁሉም በሚያየውና በሚቀራረበው ነገር ላይ ጮኸ፤ በማይታየው ላይ ዝም አለ። አጎቴ ከደብተሩ ስማቸውን እየፈለገ ለተገኙት ከፈለ። ወደ አገራቸው ከተመለሱት መካከል ብዙዎቹ ግን ዳግም አልመጡም፤ እስከ ዛሬም አያውቁም።

የሽማግሌው ንግግር በከፊል ብቻ ገብቶኝ ነበር ያልሁት ስለዚህ ነው። «እነሱ ሚዛን አላቸው» ማለት በቂ አይደለም፤ ሚዛኑን ባዶውን ያየው ማን ነው ብሎ መጠየቅም ያስፈልጋል።

ማጠቃለያ

ደጋፊ የሚቆጣው ልዩነቱ ሲጠብ ነው። በጠበበ ልዩነት ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ያለው ዘፈቀዳዊ ስሕተት ነው፤ ዛሬ የጎዳው ነገ ሊጠቅመው ይችላል። የሚጎዳው ወገንተኛው ስሕተት ነው፤ እርሱ ደግሞ ጩኸት የለውም። ስለዚህ ቁጣ ስሕተትን ለማግኘት ጥሩ መሣሪያ አይደለም። የሚሻለው ሠንጠረዡን ማንበብ፣ የዳኛን ውጤት ከሌሎች ዳኞች ጋር በብዙ ውድድሮች ማነጻጸር፣ ሚዛንንም ከመጫን በፊት ባዶውን መፈተሽ ነው። የተማሪን ወረቀት ስናርምም ሆነ በቤተ ሙከራ ስንለካ ከዚህ የተለየ ሕግ የለንም።

መልመጃ

1. በሲድኒ የሁለቱን ሯጮች የመጨረሻ ፍጥነት በሰከንድ 7.5 ሜትር ብንወስድ ኃይሌ ተርጋትን በስንት ሴንቲ ሜትር ቀደመው?

2. ከላይ በተሰጠው የዘጠኝ ዳኞች ምሳሌ ከሁለቱ 8.75 አንዱ ወደ 9.75 ቢለወጥ፣ ከፍተኛና ዝቅተኛ ከተጣለ በኋላ አማካዩ ስንት ይሆናል? አሠራሩ ከአንድ አድሏዊ ዳኛ እንደሚጠብቀን ከሁለት ይጠብቀናልን?

3. በሚቀጥለው ጊዜ እህል ወይም ሥጋ ስትገዙ ዕቃው ከመጫኑ በፊት ሚዛኑ ዜሮ ላይ መቆሙን ተመልከቱ። ከእናንተ ሌላ የሚመለከት ሰው እንዳለም አስተውሉ።

መልስ፦ 1. 67.5 ሴንቲ ሜትር። 2. 8.64፤ አይጠብቀንም። የሦስተኛው መልስ ያለው በየገበያው ነው።