ከእንሰት ቃጫ እስከ ሕፃን መጠቅለያ፤ ስለ ተክል ክርና ስለ ጨርቅ ንጽሕና



ዛሬ የምንማማረው በየቤታችሁ ሞልቶ ስለሚገኝ፣ ስሙን ግን ብዙ ሰው ስለማያውቀው ነገር ነው። ስሙ ሴሉሎስ ይባላል። ስሙ እንግዳ ይሁን እንጂ ነገሩ እንግዳ አይደለም። በተበላና በዙሪያው ካሉት ቤቶች ባንዱ ገብተን ብንቆጥር፣ የጎጆው ክዳን ሣር፣ የግድግዳው እንጨት፣ ማገሩ የታሰረበት ገመድ፣ ከእንሰት የወጣው ቃጫ፣ የለበስነው ነጠላና ጋቢ፣ የልጆች ደብተር፣ ዋናው ሥሪታቸው ሴሉሎስ ነው።

ታዲያ ይህን ማወቅ ለጤና ምን ይረባል? ትሉ ይሆናል። መልሱ አጭር ነው። ይህ ክር ውሃ ይጠጣል። ውሃ መጠጣቱ ትልቅ ጥቅሙ ነው፤ ትልቅ ጉዳቱም ከዚያው ይመጣል። ይህን የተረዳች እናት የሕፃኗን እትብት፣ የልጆቿን ዓይንና የራሷን ጤና ለመጠበቅ ትችላለች።

1ኛ. ሴሉሎስ ምንድር ነው?

ተክል ከፀሐይ ብርሃን፣ ከውሃና ከአየር ስኳር ይሠራል። ስኳሩንም እንደ ጡብ እየደረደረ ሁለት ዓይነት ነገር ያበጅበታል። ባንድ መንገድ ሲያያይዘው ምግብ የሚሆነው ስታርች ይወጣል። በሌላ መንገድ አጥብቆ ሲያያይዘው ደግሞ የተክሉን አካል ቀጥ አድርጎ የሚያቆም ጠንካራ ክር ይሆናል። ሴሉሎስ የምንለው ይህን ክር ነው።

ይህን እናንተ በእጃችሁ ታውቁታላችሁ። እንሰት፣ በወላይትኛ ኡታ የምትሉትን፣ ስትፍቁ ምን ታያላችሁ? የሚወርደው ነጭ ውሃ ሲረጋ ቡላ ይሆናል፤ በእጃችሁ የሚቀረው ክር ደግሞ ቃጫ ነው። ቡላው በአብዛኛው ስታርች፣ ቃጫው በአብዛኛው ሴሉሎስ ነው፤ ሁለቱም የተሠሩት ከአንድ ዓይነት ስኳር ነው። ሆኖም ቡላው ሰው ያጠግባል፤ ቃጫው ላም ያስራል። ልዩነቱ ስኳሩ የተያያዘበት መንገድ ነው።

የሰው ሆድ ሴሉሎስን አይፈታውም። ላም ግን ሣር በልታ ትጠግባለች፤ ምክንያቱም በትልቁ ሆዷ ውስጥ ሴሉሎስን የሚፈቱ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት አሉ። ይሁንና ለሰውም ፈጽሞ ከንቱ አይደለም። በጎመን፣ በባቄላና በፍራፍሬ ውስጥ ያለው አሰር ሆድን ያለሰልሳል፤ ድርቀትንም ይከላከላል። ስለዚህ ልጆች ቆጮ ሲበሉ ጎመን አይለያቸው።

ሴሉሎስን ከልዩ ልዩ ተክሎች ለይቶ ያወጣው አንሰልም ፓየን የተባለ ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ነው፤ ዘመኑም በ1838 እ.ኤ.አ. ነበር። ከሁሉ የጠራው ሴሉሎስ ጥጥ ነው፤ የደረቀ ጥጥ ከመቶው ከ90 እጅ በላይ ሴሉሎስ ነው። እንጨት ግን ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ ያነሰው ብቻ ነው።

2ኛ. ፋብሪካ ምን ያደርግበታል?

በቤት ጥጡ ይባዘታል፣ ይፈተላል፣ ሸማኔ ይሸምነዋል። በአርባ ምንጭና በድሬዳዋ የተተከሉት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎችም የሠሩት ይህንኑ ሥራ በመኪና ነው። ወረቀትም እንዲሁ ነው። እንጨት ይከተከታል፤ በመድኃኒት ተቀቅሎ ክሩን ያጣበቀው ነገር ይወጣለታል፤ የቀረው ክር በውሃ ተበጥብጦ በወንፊት ላይ ይነጠፋል፤ ተጨምቆ ሲደርቅ ወረቀት ይሆናል። ከጤና ጣቢያ በሚሰጣችሁ በብዙው ኪኒን ውስጥ እንኳ ዱቄቱን አያይዞ የሚይዘው የተፈጨ ሴሉሎስ ነው።

ከፋብሪካ ሥራ ለቤታችን የሚሆን አንድ ትምህርት እንውሰድ። ጥጥ ከእርሻ ሲለቀም በላዩ ስስ ሰም አለበት። ውሃ ቢያፈሱበት ቶሎ አይጠጣም። የቁስል ጥጥ የሚሠራው ፋብሪካ ጥጡን ቀቅሎ ሰሙን ያስለቅቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ውሃና ደም ይመጣል። አዲስ ነጠላ ለፎጣ የማይመች፣ ደጋግሞ የታጠበ ነጠላ ግን የሚመች በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ለሕፃን መጠቅለያ ወይም ለወር አበባ የሚሆን ጨርቅ ስታዘጋጁ፣ አዲስ ከሆነ አስቀድሞ በሳሙና ቀቅላችሁ አለቅልቁት።

3ኛ. ጉዳቱ ከየት ይመጣል?

የጥጥ ክር በማጉያ መነጽር ሲታይ የተጠመዘዘ ቱቦ ይመስላል። ውሃው በክሩ ውስጥም በክሮቹ መካከልም ይገባል። ከውሃው ጋር እድፍና ጀርም ይገባል። ጀርም ማለት በዓይን የማይታይ፣ በሽታ የሚያመጣ ነፍሳት ነው። ጨርቁ በፀሐይ ፈጽሞ ከደረቀ ብዙው ጀርም ይሞታል። እርጥብ እንደ ሆነ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ግን ጀርሙ ይቆያል፤ ይራባልም። ስለዚህ ጨርቅን ማጠብ ግማሽ ሥራ ነው። ሌላው ግማሽ ማድረቅ ነው።

ሀ. ዓይንና የነጠላ ጫፍ

ለትምህርት በዞርንበት ባንድ ቀን አንዲት እናት በነጠላቸው ጫፍ የትንሹን ልጅ ዓይን ጠረጉ። ቀጥለው የመካከለኛውን፣ ከዚያም የታላቂቱን። ሦስቱም ዓይናቸው ቀልቷል፤ ዝንብም ሰፍሮበታል። እናቲቱ ያደረጉት ከፍቅር የተነሣ ነው። ነገር ግን ከትንሹ ዓይን የተነሣው ጀርም በነጠላው ክር ተሳፍሮ ወደ ታላቂቱ ተሻገረ።

ይህ በሽታ ትራኮማ፣ በተለምዶም የዓይን ማዝ ይባላል። በጨርቅ፣ በእጅና በዝንብ ይተላለፋል። ልጅ በነበሩበት ጊዜ ደጋግሞ የያዛቸው ሰዎች ሲያድጉ የዓይናቸው ቆብ ጠባሳ ይይዛል፤ ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ይታጠፍና ዓይኑን እየቧጠጠ ያሳውራል።

ምን ይደረግ? የልጆች ፊት በየቀኑ በውሃ ይታጠብ፤ ሳሙና ከተገኘ ደግሞ የተሻለ ነው። ክዳኑ የተበሳ ጀሪካን በቃጫ ገመድ ከዛፍ ላይ ሰቅላችሁ፣ ልጆች ራሳቸው እያዘነበሉ እንዲታጠቡ አስለምዷቸው። ፊት በነፋስ ይደርቃል፤ መጥረጊያ የግድ አይደለም። ፎጣ ካለም ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ይሁን።

ለ. እትብትና ክር

ከሁሉ የከፋው ጉዳት እዚህ ላይ ነው። የመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ጀርም በአፈርና በከብት እበት ውስጥ ይኖራል። እትብት ከመሬት በተነሣ ክር ወይም ቃጫ ከታሰረ፣ ወይም ባልጸዳ ምላጭ ከተቆረጠ፣ ጀርሙ ወደ ሕፃኑ ሰውነት ይገባል። ሕፃኑ በተወለደ በጥቂት ቀን ጡት መጥባት ያቅተዋል፤ ሰውነቱ ይገተራል፤ ብዙ ጊዜም ይሞታል። «ሰው ዓይን ነው፣ ቡዳ ነው» ሲባል ከኖረው ሞት አንዳንዱ በዚህ በሽታ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ይህ ጀርም ጠንካራ ቅርፊት ስላለው በአንድ ጊዜ ማፍላት ላይሞት ይችላል። ስለዚህ «አፍልቼዋለሁና ይበቃል» ማለት አያስተማምንም። የሚያስተማምኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ እናት በእርግዝናዋ ጊዜ የቴታነስ ክትባት መውሰድና በጤና ጣቢያ መውለድ። አገራችን በክትባትና በንጹሕ ማዋለድ ይህን የሕፃናት ገዳይ እጅግ ቀንሳዋለች። መዘንጋት ከጀመርን ግን ይመለሳል፤ ጀርሙ ከአፈር አይጠፋምና።

ምጥ ድንገት በቤት ከመጣ ሕፃኑን በንጹሕና በደረቅ ጨርቅ አድርቁት፤ በእናቱ ደረት ላይ አስተኙት፤ በሌላ ደረቅ ጨርቅ ሸፍኑት። እትብቱን ለመቁረጥ አትቸኩሉ፤ የጤና ባለሙያ ጥሩ። በእትብቱ ላይ ቅቤ፣ አመድ፣ እበትም አይደረግ። ከጤና ተቋም የሚሰጣችሁ የእትብት ቅባት ካለ እርሱ ብቻ ይቀባ።

ሐ. የወር አበባ ጨርቅ

እዚህ ላይ ጥፋታችንን እንናገር። ቀድሞ ስናስተምር «ጨርቁን እጠቡና ፀሐይ ላይ ስጡ» ብለን እንሄድ ነበር። ባንድ ቀበሌ አንዲት እናት እስክንጨርስ ሰምተው እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ እናንተ የምትሉት ገመድ እኮ በደጅ ነው። በደጅ ደግሞ አማቴ አሉ፣ ጎረቤት አለ። ማን ደፍሮ ይሰጣል?» እኛም ዝም አልን። እውነታቸውን ነበር። ጨርቁ በፍራሽ ሥር ተደብቆ እርጥብ ሆኖ የሚከርመው እናቶች ሰነፍ ስለ ሆኑ ሳይሆን ስለሚያፍሩ ነው። እርጥብ ጨርቅ ግን ቆዳን ይልጣል፤ ማሳከክና ሽታም ያመጣል። ልጃገረዶችም በዚሁ ምክንያት ከትምህርት ቤት ይቀራሉ።

ከዚያች እናትና ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተመካክረን የተስማማንበት ይህ ነው፦

1. ጨርቁን በመጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ መዘፍዘፍ። ሙቅ ውሃ ደሙን በክሩ ላይ ያደርቀዋል።
2. ቀጥሎ በሙቅ ውሃና በሳሙና ማሸት፤ ውሃው እስኪጠራ ማለቅለቅ።
3. ከቤት ኋላ ፀሐይ በሚያገኘው ቦታ በገመድ ላይ ማስጣት፤ በላዩም ስስ ንጹሕ ነጠላ ጣል ማድረግ። ነፋስና ሙቀት ያልፋል፤ የሰው ዓይን ግን አያልፍም።
4. በክረምት ፀሐይ ሲጠፋ በከሰል ካውያ መተኮስ።
5. ፈጽሞ ሲደርቅ በንጹሕ ከረጢት ማስቀመጥ።

አባቶችም ይህን ስሙ። ለሚስትና ለልጅ የሚሆን ሳሙና መግዛት፣ ከቤት ኋላም ገመድ መወጠር የእናንተ ፋንታ ነው።

መ. ጨርቅ ለውሃ ማጥለያ

ክሩ በንጽሕና ከተያዘ ደግሞ ምን ያህል እንደሚያገለግል አንድ ምሳሌ እንስጥ። በባንግላዴሽ አገር ሴቶች ሳሪ የሚባል ቀጭን ልብስ ይለብሳሉ። እዚያ በ65 መንደሮች በተደረገና በ2003 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ የኩሬና የወንዝ ውሃ በአሮጌ ሳሪ አራት እጥፍ እየተጠለለ እንዲቀዳ ተደረገ። የኮሌራ ሕመምተኞች ቁጥር በግማሽ ያህል ቀነሰ። ምክንያቱም የኮሌራ ጀርም በውሃ ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ነፍሳት ላይ ተጣብቆ ይኖራል፤ እነዚያ ደግሞ በታጠፈው ጨርቅ አያልፉም። አሮጌው ጨርቅ የተመረጠው ክሩ ሲያረጅ ስለሚፈታና ቀዳዳው ስለሚጠብ ነው።

ይሁንና ማጥለል ብቻውን አይበቃም፤ ለብቻው የሚዋኘው ጀርም በጨርቁ ያልፋል። የተጠለለውን ውሃ አፍሉት፤ ወይም ውሃ አጋር ጨምሩበት፤ መጠኑን በጠርሙሱ ላይ እንደ ተጻፈው አድርጉ። ማጥለያውንም በየጊዜው እጠቡና ፀሐይ ላይ አስጡት፤ እርጥቡን ከጀሪካኑ አፍ ላይ አትተዉት።

ማጠቃለያ

እንሰቱ ምግብም ክርም ይሰጠናል። ክሩ የተሰጠውን ሁሉ ይጠጣል፤ ንጹሕ ውሃ ከሰጠነው ንጹሕ ነው፤ እድፍ ከሰጠነው እድፍ ይይዛል። ስለዚህ ሦስቱን ቃል ያዙ፦ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ አለመጋራት።

ጥያቄዎች (ማንበብ የሚችል ልጅ ለእናቱ ያንብብላት)

1. ቡላና ቃጫ በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?
2. አዲስ ነጠላ ቶሎ ውሃ የማይጠጣው ስለ ምን ነው?
3. በቤታችሁ የሦስት ልጆች ፊት በስንት ጨርቅ ይጠረጋል?
4. በእትብት ላይ ምን ምን ነገር ማድረግ አይገባም?
5. ከቤታችሁ ኋላ ፀሐይ የሚያገኝ ገመድ አለ? ከሌለ ማን ይወጥረው?